ኮሽታ ከጎኔ ያልራቀበት ጠዋት

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ሚያዝያ ውስጥ ነው። ዓመት አለፈው፤ እስከ ዛሬ ግን ከኋላዬ ቅጠል ሲንኳኳ አንገቴ ሳላዘው ይዞራል። ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ብዙ ጊዜ አውርቼላቸዋለሁ። እነሱ መጨረሻውን ስለሚያውቁ ከመጀመሪያው ይስቃሉ። እኔ መሀሉ ላይ ስደርስ ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ሳያቋርጠኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ነው። ባለቤቴ ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ ማስተማር ሲጀምር ተከትዬው መጣሁ፤ እኔም ጣና ዳር ባለ አንድ የችግኝ ጣቢያ ሥራ አገኘሁ። ማንጎ፣ አቮካዶና ሎሚ እናፈላለን። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ግን ፈሪ መሆኔ ነው። ይህን ስናገር አላፍርም። በረሮ ሳይ ወንበር ላይ የምወጣ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ሲያሾፍብኝ "ፈሪ ለእናቱ" እለዋለሁ፤ እናቴም እውነትም እስካሁን አለችኝ።

የጣቢያችን ጥበቃ አያ ደምለው ይባላሉ። በመራዊ በኩል ያለ ገጠር ተወላጅ ናቸው። ጃርት የችግኞቻችንን ሥር እየማሰ ሲያስቸግረን ጊዜ፣ አንድ ቡችላ በዘንቢል ይዘው ከአገራቸው መጡ። ስሙንም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። ትንሽ ነገር ኮሽ ባለ ቁጥር ከእንቅልፉ እየተነሳ ስለሚያጉረመርም ኮሽታ አሉት።

ኮሽታ አደገ፤ ደረቱ ሰፋ። ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ሲመሽ ይለቀቃል፤ መቼም በአገራችን የዘበኛ ውሻ አያያዝ ይኸው ነው። ጃርቱም ጠፋልን። ችግሩ የመጣው አያ ደምለው በገመድ ይዘውት አጥሩን መዞር ሲጀምሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ ገመድ ሲገባለት ዓለም የተከፈተችለት ይመስለዋል። አንድ ማለዳ አይጥ አይቶ ሲፈተለክ፣ አያ ደምለውን ከነዱላቸው የመስኖ ቦይ ውስጥ ጣላቸው። ጉልበታቸው አብጦ ለረጅም ጊዜ አነከሱ።

ኃላፊያችን ተቆጡ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሰው ሳይጎትት ከጎን መሄድ ካልተማረ ይወሰድ አሉ። ወዴት እንደሚወሰድ ማንም አልጠየቀም። ባለቤት የሌለው ውሻ ከተማ ውስጥ መጨረሻው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አያ ደምለው ግን የዚያን ቀን ምሳቸውን ግማሹን ሳይበሉ ለኮሽታ ሲሰጡት አየሁ። ጸጉሩን እየዳበሱ ያበላሉ፣ እሱ ደግሞ ምንም ሳያውቅ ጅራቱን ይቆላል።

ሆዴ ባባና "እኔ አስተምረዋለሁ" አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ቢሮው በሳቅ ተሞላ። በረሮ የምትፈራ የውሻ አስተማሪ ሰምተው አያውቁማ።

ባለቤቴ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ፈልጎ አሳየኝ። ትምህርቱ ሲያዩት ቀላል ነው። ውሻው በግራ በኩል፣ ትከሻው ጉልበትሽ አጠገብ ሆኖ ይሄዳል። ገመዱ ሲወጠር ትቆሚያለሽ፤ ሲላላ ትሄጃለሽ። አንድ ቃል ትመርጫለሽ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ትያለሽ። ደህና ሲሄድ የሚወደውን ትሰጪዋለሽ። በመጨረሻም መንገድ ላይ ሳለሽ ድንገት ወደ ኋላ ትዞሪያለሽ፤ አብሮሽ ከዞረ ተምሯል ማለት ነው። እኔ "ጎኔ" የሚለውን ቃል መረጥኩ። የሚወደው ደግሞ የተጠበሰ ዓሣ ቆዳ ነው፤ ኮሽታ ለዓሣ ቆዳ የአያ ደምለውንም ነፍስ ይሸጣል።

በመጀመሪያው ሰሞን አስፋልት ዳር ይዤው ወጣሁ። ባጃጅ ሲያልፍ ይጎትተኛል፣ የመንደር ውሻ ሲጮህ ይጎትተኛል፣ ፌስታል ሲነፍስ ይጎትተኛል። የባጃጅ ሾፌሮች ፍጥነታቸውን እየቀነሱ ማን ማንን እንደሚያስተምር ይጠይቁኛል። ገመዱ የዓሣ አጥማጆች ናይለን ስለነበር መዳፌን ልጦ ጨረሰው። በመጨረሻ አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ ገመዱን እንደ መቀነት ወገቤ ላይ ጠምጥሜ አሰርኩት። እጄ ዳነ። እኔ ስቆም እሱም ወዶ ሳይሆን በግዱ ይቆማል። በራሴ ብልሃት በጣም ኮራሁ።

ቀጥሎ ደግሞ ከዚያ የባሰ ኩራት መጣ። ከጣቢያው ጓሮ አንዲት ትንሽ በር አለች። ከበሩ ውጭ ሳር ነው፤ ከሳሩ ቀጥሎ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ይጀምራል፣ ከደንገሉ ወዲያ ሐይቁ። አንድ ቀን በዚያ በር ስወጣ በደንገሉ መሀል ወደ ውኃው የሚወስድ መንገድ አገኘሁ። ቀጥ ያለ ነው። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ደንገል ታጥሯል፤ መሬቱ ተረግጦ ጠንክሯል። ስፋቱ ለአንድ ሰውና ለአንድ ውሻ ልክ ነው። ባጃጅ የለ፣ ፌስታል የለ፣ ሌላ ውሻ የለ። ኮሽታ ቢፈልግስ ወዴት ይሄዳል? ሆን ተብሎ ለኔ ትምህርት የተሠራ ነው የሚመስለው።

ዓሣ አጥማጆች የጠረጉት መሰለኝና ጠራጊውን መረቅኩት። መሬቱ ላይ እዚህም እዚያም ውኃ ያቆሩ ክብ ጉድጓዶች ነበሩ፤ በርሜል ተቀምጦባቸው ይሆናል አልኩ። ደንገሉ ላይ ከፍ ብሎ እበት ተረጭቶ አይቼ ደግሞ፣ የዚህ አገር ላም ምን ዓይነት ናት ብዬ ሳቅሁ። ለአያ ደምለው አልነገርኳቸውም። እሳቸው ጉልበታቸውን ይዘው ዋናው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ውሻው ተምሮ ሲያበቃ ድንገት ይዤላቸው ልመጣ ፈለግሁ።

በየቀኑ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ሥራ ሳይጀመር ወደዚያ መንገድ እንሄድ ነበር። ኮሽታ ለውጥ አሳየ። ግን ትንሽ ሲቆይ ይረሳዋል፤ ገመዱ ወገቤን ይዞኝ ጭልጥ ይላል። ወሩም እያለቀ መጣ። ኃላፊያችን ነገ አየዋለሁ ባሉበት ዕለት ጭንቀት እንቅልፍ ነሳኝና፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጣቢያው ደረስኩ። ሰማዩ ደመና ነበር፤ ሊነጋ ሲል ያለው ግራጫ ብርሃን ገና አልለቀቀም። ገመዱን ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ የዓሣ ቆዳዬን ኪሴ ከተትኩ፣ በጓሮ በር ወጣን።

ደንገሉ ውስጥ ስንገባ እንደ ልማዱ ጎተተኝ። ቆምኩ። ላላ፣ ሄድኩ። ደግሞ ጎተተኝ። ነገ ጉድ ልሆን ነው እያልኩ ወደ መንገዱ አጋማሽ ስንደርስ፣ ኮሽታ በራሱ ቆመ። ጆሮው ወደ ኋላ ተኛ። ከዚያ መጥቶ በግራ ጎኔ ገባና ትከሻውን ጉልበቴ ላይ ለጠፈው።

ገመዱ ላላ። አንድ እርምጃ ሄድኩ፤ አብሮኝ ሄደ። ቆምኩ፤ ቆመ። እንደገና ሄድኩ፤ ሳልጠራው ሄደ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጎበዝ ብዬው ከኪሴ ትልቁን የዓሣ ቆዳ አውጥቼ ሰጠሁት። ተቀበለኝና ከአፉ ጣለው።

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ኮሽታ ዓሣ ሲጥል ታይቶ አይታወቅም። እኔ ግን ትምህርቱ ስለገባው ሆዱን የረሳ መሰለኝ፤ እንዲያውም ነገ ኃላፊያችን ፊት እንዴት እንደምንጎማለል እያሰብኩ ነበር። የቀረን የመጨረሻው ፈተና ነው። ቪዲዮው ላይ እንዳየሁት ድንገት ወደ ኋላ ዞርኩ።

መንገዱ ተዘግቶ ነበር።

መጀመሪያ የተገለበጠ ጀልባ መሰለኝ። ግራጫ፣ እርጥብ፣ ከደንገል እስከ ደንገል የሞላ ነገር። ጀልባ እዚህ ማን አመጣው ብዬ ሳልጨርስ፣ አንዲት ትንሽ ጆሮ ሽር አለች። ከዚያ ዓይኑን አየሁት። ጉማሬ ነው። በመካከላችን ያለው ርቀት ከአንድ የችግኝ መደብ ርዝመት፣ ከአሥር እርምጃ አይበልጥም።

ልጩህ ብል ድምፅ የለም። ሩጪ ሩጪ የሚል ነገር ውስጤ ተነሳ፤ ግን ወዴት? ፊት ለፊቴ እሱ ነው፣ ከኋላዬ ሐይቁ ነው፣ ግራና ቀኙ እጅ የማያስገባ ደንገል ነው። ያኔ ገመዱ ትዝ አለኝ። ኮሽታ ደንግጦ ቢፈተለክ እኔ በፊቴ እደፋለሁ። ወደ ጉማሬው ቢሄድ ይዞኝ ይሄዳል። እጄን ወደ ወገቤ ሰድጄ ቋጠሮውን ያዝኩ። ያ ያኮራኝ ቋጠሮ በጤዛ ርሶ፣ በኮሽታ ጉተታ ጠብቆ ድንጋይ ሆኗል። ጥፍሬ ተሰበረ፤ ቋጠሮው ግን ንቅንቅ አላለም።

ጉማሬው በአፍንጫው እፍፍ አለና አንድ እርምጃ ወደኛ መጣ።

በዚያች ሰዓት ልሞት እንደሆነ አመንኩ። ልጆቼ ትምህርት ቤት ሊሄዱ ሲለባብሱ ታየኝ። እንዲህ ባለ ነገር ሞተች ብለው ወደ አዳማ ሲደውሉ እናቴ የምትሆነው ሁሉ ታየኝ። ድንግል ማርያምን ጠራኋት፤ ስለት መሳሌን አስታውሳለሁ፣ ምን እንደተሳልኩ ግን ጠፍቶብኛል።

የኋሊት መራመድ ሞከርኩ፤ ኮሽታ እግሬ ሥር ገብቶ ሊጥለኝ ሆነ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ውኃው መሄድ። ከዚያ የከበደ ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ዞርኩና "ጎኔ" አልኩ። የወጣው ድምፅ የኔ አይመስልም፤ ኮሽታ ግን አወቀው። ቀና ብሎ ፊቴን አየና ከጉልበቴ ጋር ተጣበቀ።

መሮጥ አልቻልኩም። እኔ ከሮጥኩ እሱ ይሮጣል፤ እሱ ከሮጠ ይጥለኛል። ስለዚህ ሞት ከኋላዬ እየመጣ እኔ በትምህርቱ እርምጃ፣ ዝግ ብዬ፣ ገመዱ እንዳይወጠር እየተጠነቀቅኩ ሄድኩ። ከኋላችን ደንገሉ በሁለት ወገን ሲተሻሽ ይሰማኛል። ይቆማል፤ እፍፍ ይላል፤ እንደገና ይተሻሻል። ዞሬ ላየው አልደፈርኩም። የኮሽታ ልብ እግሬ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ ወይም የራሴ ይሆናል።

ደንገሉ አለቀና ውኃው ዳር ወጣን። ከዚያ በኋላ መሄጃ የለም።

ከደንገሉ ጥግ አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ታንኳቸው ላይ ተቀምጠው መረብ ያነሳሉ። መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ቀጥሎ ከኋላዬ አዩ። ልጠራቸው አፌን ከፈትኩ። መዳፋቸውን ወደ ላይ አንስተው ዝም እንድል አሳዩኝ። መረባቸውን ውኃው ላይ ለቀው፣ ምንም ሳያንቦጫርቁ እየቀዘፉ ወደ ዳር መጡ።

"እንዳትሮጭ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ውሻውን ልቀቂና ነይ።"

ወገቤን በጣቴ አሳየኋቸው። "ታስሬያለሁ" አልኩ።

ገመዱን አዩ። ኮሽታን አዩ። የልብሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ወደ ጉልበታቸው ሳቡ። አመነቱ፤ ዓይኔ እያየ አመነቱ። ትተውን ሊሄዱ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እውነቱን ልናገርና በልቤ ረገምኳቸው። እሳቸው ግን ታንኳውን አስጠግተው በእጃቸው ቦታ ጠቆሙኝ። "አብራችሁ ግቡ" አሉ።

ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ታንኳው ላይ ወጣሁ። የደንገል ታንኳ ከሥር ያዘነብላል፤ የምይዘው ነገር የለም። ኮሽታ ውኃ አይወድም፣ ዳር ላይ ቆሞ ቀረ። ገመዱ ተወጠረ፣ ወገቤን ያዘኝ። "ጎኔ" አልኩት። ዘሎ ገባና፣ አስፋልት ላይ እንዳለ ሁሉ በግራ ጎኔ ተቀመጠ። ጭንቅላቱ ከሽማግሌው ጉልበት ጋር ገጠመ።

ሽማግሌው ወደ ሐይቁ መሀል አልወጡም። ደንገሉን ተጠግተው ጥቂት ወደ ጎን ከቀዘፉ በኋላ፣ ደንገሉ ወደ ውስጥ የጎደጎደበት ቦታ አስገቡንና የደንገሉን አገዳ በእጃቸው ይዘው ታንኳውን አቆሙት። ወደ መሀል ብንወጣ ከውኃው በታች መጥቶ እንደሚገለብጠን በኋላ ነው የነገሩኝ።

ጉማሬው ከመንገዱ አፍ ወጥቶ ቆመ። ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ብዘረጋ ይነካዋል። የአፉን ዳር ጸጉር አየሁ። የሳርና የጭቃ ሽታው መጣ። ወደኛ በኩል ዞሮ ጆሮውን አንቀሳቀሰ።

ያኔ ገመዱ ወገቤ ላይ መንዘር ጀመረ። ኮሽታ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጸጉር ቆሟል፤ ከሆዱ ውስጥ ጉርምርምታ እየወጣ ነው። ሥራው እኮ ይኸው ነው፤ ኮሽ ሲል ሊጮህ ነው ያደገው፣ ያበላነውም ለዚሁ ነው። "ጎኔ፣ ጎኔ" አልኩት። እሱ ጎኔ ነው ያለው፤ ሌላ ምን ያድርግ? ዝም በል የሚል ቃል አላስተማርኩትም። ከንፈሩ ተነሳ፣ ጥርሱ ታየ፣ ሊጮህ ነው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በባዶ እጃቸው የኮሽታን አፍ ግጥም አድርገው ያዙት። በሌላው ክንዳቸው አንገቱን ደረታቸው ላይ አቀፉት። ኮሽታ ታገለ፤ ምራቁ በጣቶቻቸው መሀል እየወረደ እጅጌያቸውን አራሰው። እሳቸው ዓይናቸውን ከጉማሬው ላይ ሳያነሱ በከንፈራቸው ብቻ ይጸልያሉ። እኔ ደንገሉን ይዤ ታንኳውን እንዳይሄድ አደረግኩ።

ጉማሬው ውኃው ውስጥ ገባ። ሐይቁ ተነሳ፤ ታንኳችን ወጥቶ ወረደ፣ ውኃ ገባብን፣ እኔ በጉልበቴ ተደፋሁ። ከዚያ ጸጥ አለ። ውኃው ላይ አረፋ ብቻ ነው የሚታየው፤ አረፋው መጀመሪያ ወደኛ፣ ቀጥሎ ወደ ሐይቁ ሄደ። ከሁሉም ያስፈራኝ ያ ጊዜ ነው፤ የቆመበትን ሳየው የተሻለ ነበር። ሽማግሌውም የኮሽታን አፍ አልለቀቁም። በጣም ርቆ ራሱን ብቅ አድርጎ ሲተነፍስ ስንሰማ፣ ያኔ ነው እጃቸው የላላው።

የወሰዱን ወደ መንደራቸው ነው። ስማቸው ጋሽ እንድሪስ ይባላል፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ታንኳም ይሠራሉ። ባለቤታቸው ዓሣ የሚበልቱበትን ቢላዋ አምጥተው ገመዱን ከወገቤ ቆርጠው ጣሉልኝና ፎጣ አለበሱኝ። ጋሽ እንድሪስ ግን አላናገሩኝም። ውኃው ዳር ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ማጠብ ያዙ። አፈር ዘግነው ያሻሉ፣ ይለቀልቃሉ፤ እንደገና ውኃ ያፈሳሉ፣ ያጥባሉ። ልብሳቸውን አውልቀው እጅጌውንም አጠቡት። አይጨርሱም።

የተቆጡ መሰለኝ። ሙስሊሞች የውሻ ምራቅ ሲነካቸው ሳይታጠቡ እንደማይሰግዱ እሰማ ነበር፤ አዳማ የነበሩት ሙስሊም ጎረቤቶቼ ግን ውሻ ስላልነበራቸው አጠባውን በዓይኔ አላየሁትም። ባለቤታቸው ፊቴን አይተው አስረዱኝ። ደጋግሞ መታጠብ አለበት፣ አንዱም በአፈር ነው፤ ደንቡ ነው፣ አትቀየሚ አሉኝ። ሰውዬው እንኳን አፉን ሊይዝ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ውሻ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው አሉ። ታንኳው ላይ ለምን እንዳመነቱ የገባኝ ያኔ ነው። እዚያ ሐይቁ ዳር በልቤ ረግሜያቸው ነበርና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወርጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በኔ ምክንያት ልብስዎም ሶላትዎም ተበላሸ አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። "እጅስ ይታጠባል፣ ልጄ። ይኸው አጥቤ ጨረስሁት። አንቺን ቢወስድሽ ግን በምን አጥቤ እመልስሽ ነበር?"

አለቀስኩ። ትንሽ ጠበቁኝና፣ ለመሆኑ ያን መንገድ ማን እንዳሳየኝ ጠየቁ። ማንም እንዳላሳየኝ፣ በየቀኑ ውሻ እንደማስተምርበት፣ የጠረገውንም ሰው እንደመረቅኩት ነገርኳቸው። ጋሽ እንድሪስና ባለቤታቸው ተያዩ።

"ሰው አልጠረገውም" አሉ። "የእሱ መንገድ ነው። ማታ ለግጦሽ ይወጣበታል፣ ሲነጋ ይመለስበታል። ደመና ሲሆን ይዘገያል። እኛ ልጅ ሁነን ጀምሮ አለ።"

የተንቀጠቀጥኩት ያኔ ነው። ያ ሁሉ ጠዋት መጣብኝ። በርሜል ያልኩት ኮቴው ነው። ላም ያልኳትም እሱ ነው። በየቀኑ እሱ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ እኔ ገመዴን ታጥቄ፣ ዓሣ ቆዳ በኪሴ፣ ደጃፉ ላይ ስመላለስ ከርሜያለሁ።

ለአያ ደምለው ስነግራቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። አስፋልት ዳር የምታስተምሪው መስሎኝ ነበር አሉ። "ለልጅ እንኳ መንገር የማያስፈልግ ነገር ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል ብዬ ነው ያልነገርሁሽ" አሉና ራሳቸውን ያዙ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ መንገዱ የማን ነው ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ ነገሩ ባንድ ቃል ያልቅ ነበር።

በማግሥቱ ኮሽታን ኃላፊያችን ፊት ያዞሩት አያ ደምለው ናቸው፤ እኔ ከአልጋዬ አልተነሳሁም። አልጎተታቸውም አሉኝ። እያነከሱ ሲሄዱ እሱም እርምጃውን ቀንሶ ከጎናቸው ሄደ። እንዲቀር ተፈቀደለት፤ እስከ ዛሬም አጥሩን አብረው ይዞራሉ። እኔ አስተምሬው ይሁን ጉማሬው አስተምሮት አላውቅም፤ አያ ደምለው ምስጋናውን ለኔ ነው የሚሰጡት፣ እኔም አልመልሰውም።

ለጋሽ እንድሪስ የማንጎ ችግኝ ገዝቼ ወስጄ በራሴ እጅ ተከልኩላቸው። አልፎ አልፎ እየሄድኩ አየዋለሁ። ኮሽታን ይዤ ስሄድ ከአጥሩ ውጭ እንቆማለን። ጋሽ እንድሪስ ከሩቅ ሆነው መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን ሰላም ይላሉ። ያ ጩኸትህ አሁንም አፍህ ውስጥ ነው ወይ እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ድምፃቸውን ሲሰማ ጅራቱን ይቆላል። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሁለቱም ያከብሩታል።

ፈሪነቴ አልተወኝም፤ እንዲያውም ጨምሯል። ገመዱን ዛሬ በእጄ ነው የምይዘው። በዚያ የጓሮ በርም ወጥቼ አላውቅም። አስፋልት ዳር ስንሄድ ሰዎች ኮሽታን እያዩ እንዴት ያለ የተማረ ውሻ ነው ይሉኛል፤ እነዚያው የባጃጅ ሾፌሮችም ያደንቁታል። እውነትም አንዳንድ ቀን ትከሻውን ጉልበቴ ላይ ለጥፎ፣ ገመዱ ላልቶ፣ ልክ ቪዲዮው ላይ እንዳለው ውሻ ይሄድልኛል። እኔ ግን ያኔ ደስ አይለኝም። ቆሜ ከኪሴ የዓሣ ቆዳ አውጥቼ እሰጠዋለሁ፤ እስኪውጠውም አፍ አፉን አያለሁ።

ከበላው መንገዳችንን እንቀጥላለን።